አጋላጭ ምክንያት ወይስ የሕሙማን መግለጫ?
ከአንጀት ቀዶ ሕክምና በኋላ ስለሚከሰት የቁስል ማመርቀዝ በሚጻፉ ጥናቶች ላይ የቀረበ ሂስ

እ.ኤ.አ. በ2018 እና በ2020 የታተሙ ሁለት ጥናቶች አንድ ዓይነት ቁጥር ይዘው ወጥተዋል። የመጀመሪያው ግሎባልሰርግ በሚል ስም የሚታወቀው ዓለም አቀፍ የቀዶ ሐኪሞች ኅብረት ያቀረበው ነው። ኅብረቱ በ66 አገሮች፣ በ343 ሆስፒታሎች፣ የጨጓራ፣ የአንጀትና ተመሳሳይ የሆድ ዕቃ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 12,539 ሕሙማን እስከ 30ኛው ቀን ተከታትሎ ከመካከላቸው 12.3 በመቶ የሚሆኑት ቁስላቸው ማመርቀዙን ገልጿል። ሁለተኛው ወንድምነህ ሽባባውና ባልደረቦቹ በኢትዮጵያ የተካሄዱ 24 ጥናቶችን፣ በድምሩ 13,136 ሕሙማንን፣ አጠቃልለው ያቀረቡት ሜታ አናሊሲስ ሲሆን፣ ያገኙት አገር አቀፍ አማካይም ያው 12.3 በመቶ ነው።

ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን የሚያይ ችኩል አንባቢ ከዓለም አማካይ አልራቅንም ብሎ ሊጽናና ይችላል። ሆኖም ግሎባልሰርግ ውጤቱን በአገሮች የሰብአዊ ልማት ደረጃ ሲከፋፍለው በከፍተኛ ደረጃ ላይ ባሉት አገሮች 9.4፣ በመካከለኞቹ 14.0፣ በዝቅተኞቹ ደግሞ 23.2 በመቶ ሆኖ ተገኝቷል። እኛ የምንገኘው በመጨረሻው ክፍል ውስጥ ነው። የራሳችን ጥናቶች ተጠቃለው የሚሰጡን ቁጥር ታዲያ ከአቻዎቻችን ግማሽ ያህሉ ሆነ ማለት ነው። በከፊል ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የኢትዮጵያው ስብስብ የአንጀት ብቻ ሳይሆን የልዩ ልዩ ክፍሎችን ቀዶ ሕክምና የያዘ በመሆኑ ንጹሕ ቁስሎች አማካዩን ዝቅ ያደርጉታል። ይሁን እንጂ ልዩነቱ በዚህ ብቻ የሚያልቅ አይመስለኝም። አጠቃላዮቹ ያገኙትን አጠቃለዋል፤ የጎደለውን ሊጨምሩ አይችሉም። የዚህ ጽሑፍ ትችትም የሚያተኩረው በእነርሱ ሥራ ላይ ሳይሆን ለእነርሱ ግብዓት በሆነው፣ በየሕክምና ትምህርት ቤቱ በየዓመቱ በመመረቂያ ጽሑፍነት በሚቀርበውና ከዚያም ወደ መጽሔቶች በሚላከው የጥናት ዓይነት ላይ ነው።

የዚህ ጥናት ቅርጽ የታወቀ ነው። መግቢያው የቁስል ማመርቀዝ የሆስፒታል ቆይታን እንደሚያራዝምና ወጪን እንደሚያበዛ ይናገራል። ከዚያም የሕሙማን ካርድ ይገለበጣል፣ ወይም በተኝቶ ሕክምና ክፍል የሚሠሩ ነርሶች ቅጽ ይሞላሉ። ዕድሜ፣ ጾታ፣ የስኳር በሽታ፣ የኤች አይ ቪ ሁኔታ፣ የቁስሉ ደረጃ፣ ቀዶ ሕክምናው የፈጀው ጊዜ፣ ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሆስፒታል የተቆየባቸው ቀናት ይመዘገባሉ። በመጀመሪያው ስሌት ፒ ዋጋቸው ከ0.25 ያነሰ ተለዋዋጮች ወደ ሁለተኛው ስሌት ይሻገራሉ፤ በሁለተኛው ከ0.05 ያነሱት «አጋላጭ ምክንያቶች» ተብለው ይሾማሉ። መደምደሚያው ሁልጊዜ የሚመለከተው አካል ትኩረት ይስጥ የሚል ነው። ይህ የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ በስም ተጠርቶ አላየሁም፤ መጽሔቱን የሚያነብበው ግን ያው ሐኪም ነው።

ቆጠራው የሚቆምበትን ቀን እናስቀድም። በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ የሚኖር አንድ የዕድሜ ባለጸጋ ሰው እናስብ። ሆዱ ተነፍቶ፣ ዓይነ ምድርና አየር ከቆመበት ሁለት ቀን አልፎት ወደ ሆስፒታል ይመጣል፤ የሲግሞይድ አንጀት መጠምዘዝ መሆኑ ይታወቃል፤ ይህ በአገራችን የትልቁ አንጀት መዘጋት ዋነኛ መነሻ ከሚባሉት አንዱ ነው። አንጀቱ ጠቁሮ ስለሚገኝ ተቆርጦ ይወጣል። በ6ኛው ቀን ምግብ ጀምሮ፣ ቁስሉም ደረቅ ሆኖ ወደ ቤቱ ይሸኛል። በ9ኛው ቀን የቁስሉ ጠርዝ ይቀላል፣ በ10ኛው ቀን መግል ይወጣዋል። ሰውየው ወዴት ይሄዳል? አልጋ የያዘበት ሆስፒታል ተራው ረጅም፣ መጓጓዣው አድካሚ ነው። ስለዚህ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ጣቢያ ወይም የግል ክሊኒክ ሄዶ ስፌቱ ይፈታለታል፣ መግሉ ይጠረግለታል፣ ለሁለት ሳምንት በየሁለት ቀኑ ይታሸግለታል። በሆስፒታሉ ካርድ ላይ ግን የመጨረሻው መስመር «ቁስሉ ደረቅ፣ በደህና ተሸኘ» የሚል ነው። አጥኚውም እንደ ዳነ ይቆጥረዋል።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ተቀባይነት ያለው ትርጓሜ የቁስል ማመርቀዝን እስከ 30ኛው ቀን ድረስ እንድንፈልግ ያዘዘው ያለ ምክንያት አይደለም። ክትትል በመውጫው በር ላይ ሲቆም ቁጥሩ ማነሱ የመጀመሪያው ጉዳት ነው፤ የከፋው ጉዳት ግን የአጋላጭ ምክንያቶቹ ዝርዝር ራሱ መጣመሙ ነው። በሆስፒታል ረጅም ጊዜ የሚቆይ ሕመምተኛ ቁስሉ ሲያመረቅዝ የሚያየው ሰው ስላለ ይቆጠራል፤ ቶሎ የሚወጣው አይቆጠርም። ስለዚህ ቆይታን የሚያረዝም ነገር ሁሉ፣ እርጅናም ሆነ የስኳር በሽታ ወይም የፍሳሽ ማስወገጃ ቱቦ፣ ከቁስል ማመርቀዝ ጋር የተዛመደ ሆኖ ይወጣል። ከፊሉ ዝምድና እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ከፊሉ ግን የተመልካቹ ዓይን የት እንደ ነበረ ብቻ የሚናገር ነው። በሰንጠረዡ ላይ ሁለቱን ለይቶ የሚያሳይ ምንም ነገር የለም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ ሌላ መፋለስ አለ። ከቀዶ ሕክምና በኋላ አንቲባዮቲክ ለረጅም ቀናት መውሰድ አጋላጭ ምክንያት ሆኖ የሚቀርብባቸው ጽሑፎች ያጋጥማሉ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ያራዘመው ትኩሳቱን አይቶ ወይም ሆድ ውስጥ የፈሰሰውን ዓይነ ምድር አስታውሶ ነው፤ ማራዘሙ የስጋቱ ምልክት እንጂ የመግሉ ምንጭ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለመከላከያ የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ከቀዶ ሕክምና በኋላ እንዳይራዘም መምከሩ ትክክል ነው፤ ይህ ምክር ግን የመጣው ሰዎችን በዕጣ መድበው ካነጻጸሩ ሙከራዎች እንጂ ከእንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አይደለም። በአጋጣሚ ትክክል የሆነ መደምደሚያ የተሳሳተ መንገድን አያቀናም።

አሁን ወደ ራሱ ወደ አንጀቱ እንግባ። የቁስል ደረጃ ከንጹሕ፣ ንጹሕ ነገር ግን ከተነካካ፣ ከተበከለና ከቆሸሸ ተብሎ በአራት ይከፈላል። አንጀት በተከፈተበት ቀዶ ሕክምና ንጹሕ የሚባል ቁስል የለም። የ24ቱ ጥናቶች ጥቅል ከአጋላጭ ምክንያቶች መካከል ያስቀመጠው «ንጹሕ ነገር ግን የተነካካ» ቁስል ለአንጀት ቀዶ ሐኪም የተሻለው ዕድል መሆኑን ስናስብ ዝርዝሩ ለእርሱ ምን ያህል ባዕድ እንደሆነ ይገባናል። እንዲሁም ከአንድ ሰዓት በላይ የፈጀ ቀዶ ሕክምና ተጠቅሷል። የሞተ አንጀትን ቆርጦ፣ ሆድን አጥቦ፣ አንጀትን ገጥሞ ወይም ወደ ውጭ አውጥቶ በአንድ ሰዓት ውስጥ ቆዳ የሚዘጋ ሐኪም ካለ ሊመሰገን ይገባዋል፤ ይልቁንም ስለ ጥንቃቄው ልንጠይቀው ሳይገባን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የተዘጋጀው የአደጋ መለኪያ ለትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና የጊዜ ድንበር ያደረገው ሦስት ሰዓትን ነበር። ድንበሩ ለእያንዳንዱ የቀዶ ሕክምና ዓይነት ለብቻው መሰላት እንዳለበት የዚያ ሥራ ዋና ትምህርት ነው። እኛ የወረስነው ግን መለኪያውን እንጂ ትምህርቱን አይደለም።

ይህን ስል የሕመምተኛውን ሁኔታ መመዝገብ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። የማደንዘዣ ሐኪሞች የሚሰጡት የአካላዊ ሁኔታ ደረጃ፣ የቁስሉ ደረጃና የቀዶ ሕክምናው ርዝመት አንድ ላይ ሆነው ማን ይበልጥ ሊያመረቅዝ እንደሚችል ይተነብያሉ፤ ሁለት ሆስፒታሎችን ያለ አድልዎ ለማነጻጸርም ያገለግላሉ። መተንበይ አንድ ነገር ነው፤ መንስኤን ማሳየት ሌላ ነው። ዕድሜው 70 የሆነን ሰው 40 ልናደርገው አንችልም፤ አንጀቱ በጠቆረበት ሰዓት የመጣውንም በትናንትናው ሰዓት እንዲመጣ ልናደርገው አንችልም። ልናደርገው የምንችለው ነገር ሁሉ ከዝርዝሩ ውጭ ቀርቷል፤ ወይም በአንድ «ተሰጥቷል፣ አልተሰጠም» በሚል ሳጥን ውስጥ ተጨፍልቋል።

ለዚህ ከአንቲባዮቲክ የተሻለ ምሳሌ የለም። ጆን በርክ እ.ኤ.አ. በ1961 በጊኒ ፒግ ላይ ባደረገው ሙከራ መድኃኒቱ ተዋሲያን ከመግባታቸው በፊት በሥጋው ውስጥ ካልተገኘ፣ ከገቡም ሦስት ሰዓት ካለፈ፣ የማይረባ መሆኑን አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1977 በአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታሎች በተደረገ ሙከራ ከትልቁ አንጀት ቀዶ ሕክምና በፊት ኒዮማይሲንና ኢሪትሮማይሲን በአፍ መስጠት የቁስል ማመርቀዝን ከ35 ወደ 9 በመቶ ዝቅ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1981 ደግሞ ማስረጃው ከመብዛቱ የተነሣ በአንጀት ቀዶ ሕክምና ጥናት አንቲባዮቲክ የማይሰጠው የማነጻጸሪያ ቡድን ማቆም ከእንግዲህ ተገቢ እንዳልሆነ ተጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1992 ክላሰንና ባልደረቦቹ 2,847 ሕሙማንን አጥንተው መድኃኒቱ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት ባሉት ሁለት ሰዓታት ውስጥ ሲሰጥ ያመረቀዘው 0.6 በመቶ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ሲሰጥ ግን 3.8 በመቶ መሆኑን አቀረቡ። ጥያቄው ከዚያ ወዲህ ተሰጥቷል ወይ የሚል ሳይሆን በስንት ሰዓት የሚል ሆኗል።

ወደ ኮልፌው ሕመምተኛ እንመለስ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ በድንገተኛ ክፍል ሴፍትሪአክሶንና ሜትሮኒዳዞል ተሰጠው። ደም እስኪገኝ፣ የቀዶ ሕክምና ክፍሉም እስኪለቀቅ ድረስ ቆዳው የተቀደደው ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ነው። ሴፍትሪአክሶን በሰውነት ውስጥ ረጅም የሚቆይ መሆኑ ጉዳቱን ያቀልለት ይሆናል፤ በአጥኚው ቅጽ ላይ ግን ይህ ሰው ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ላይ ከተሰጠው ሰው ጋር በአንድ ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። ከዚያም ጥናቱ መከላከያ አንቲባዮቲክ ከቁስል ማመርቀዝ ጋር ዝምድና አልተገኘለትም ይላል። እንዴትስ ይገኝለታል?

የሰውነት ሙቀትም እንዲሁ ነው። ኩርዝና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1996 የአንጀት ቀዶ ሕክምና የሚደረግላቸውን 200 ሕሙማን በዕጣ ከፍለው በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ሰውነታቸው እንዲሞቅ በተደረጉት ላይ ማመርቀዙ 6 በመቶ፣ በቀዘቀዙት ላይ 19 በመቶ መሆኑን አሳይተዋል። በአዲስ አበባ የክረምት ሌሊት፣ ሆዱ ተከፍቶ በቀዝቃዛ ፈሳሽ የሚታጠብ ሰው ስንት ዲግሪ ላይ እንደሚደርስ የሚመዘግብ ሰው ቢኖር ጥሩ ነበር። ከማደንዘዣው ቅጽ ላይ ቦታ አለው፤ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

ይህ አስተሳሰብ ለኮልፌ ቀራኒዮ አዲስ ሊሆን አይገባም። በ1920ዎቹ ዓ.ም. በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የተቋቋመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 ወዲህ አለርት ተብሎ የሚታወቀው ማዕከል፣ እ.ኤ.አ. በ1970 በዚያው ግቢ ከተመሠረተው ከአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ጋር የሚገኘው በዚህ ክፍለ ከተማ ነው። አለርት ዛሬ አጠቃላይ ሕክምና የሚሰጥ ሆስፒታል ቢሆንም ስሙ ከቁስል ጋር የተሳሰረ ነው። ለረጅም ዘመን የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ እግር የሚቆስለው በሽታው ራሱ ሥጋን ስለሚያበሰብስ ነው ተብሎ ይታመን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1940ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሕንድ አገር ቬሎር ይሠራ የነበረው ቀዶ ሐኪም ፖል ብራንድ ይህን እምነት ተቃወመ። ሥጋው የሚጎዳው ስሜት ስለሌለው በየዕለቱ ሳይታወቅ ስለሚረገጥና ስለሚፈተግ ነው፤ ከጫና ከተጠበቀ እንደ ማንኛውም ሰው ሥጋ ይድናል ብሎ አስተማረ። ከዚህ በኋላ ጫማ መሥራትና እግርን በየቀኑ መመርመር የሕክምናው አካል ሆኑ። ቁስሉ የሕመምተኛው ባሕርይ ነው ከተባለ ሐኪሙ የሚሠራው አይኖርም፤ ቁስሉ በየዕለቱ የሚሆን ነገር ውጤት ነው ሲባል ግን ሥራ ይጀመራል። በየዓመቱ ዕድሜንና የስኳር በሽታን እንደ አዲስ የሚያገኙት ጥናቶቻችን ከብራንድ በፊት በነበረው ወገን ያሉ ይመስለኛል።

ግሎባልሰርግ ከዚህ አንጻር የሰጠው ፍንጭ ተገቢው ክብደት አልተሰጠውም። የሕሙማኑ ሁኔታና የቁስሉ ደረጃ በስሌት ከተስተካከሉ በኋላም በዝቅተኛ ልማት አገሮች ያለ ሕመምተኛ የማመርቀዝ የዕድል ምጣኔው 1.60 ሆኖ ቀርቷል። ይህ ትርፍ ከሕመምተኛው ዕድሜና ሕመም ያልመጣ፣ ይልቁንም ከአሠራሩና ከአቅርቦቱ ሳይመጣ ያልቀረ ድርሻ ነው። ከዚያ ወዲህ ይኸው ድርሻ ሊቀነስ እንደሚችል በሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2022 በታተመውና በሰባት አገሮች 13,301 ሕሙማንን ባሳተፈው የቺታ ሙከራ የሆድ ግድግዳ ከመዘጋቱ በፊት ጓንትና መሣሪያን መቀየር ማመርቀዙን ከ18.9 ወደ 16.0 በመቶ ዝቅ አድርጎታል። ከእነዚህ አገሮች መካከል ሩዋንዳና ቤኒን ይገኙበታል፤ ኢትዮጵያ ግን የለችበትም። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው የፋልከን ሙከራ ውድ የሆነው መድኃኒት የተቀባ የስፌት ክርም ሆነ በአልኮል የተዘጋጀው ክሎርሄክሲዲን ከተለመደው ክርና ከተለመደው አዮዲን እንደማይበልጡ ገልጿል። ይህ ለእኛ መልካም ዜና ነው። የጎደለን ነገር ሁሉ በግዢ የሚሞላ አለመሆኑን ያሳያልና።

በአገራችንም ምሳሌ አለ። ላይፍቦክስ የተባለው ድርጅት ክሊን ከት በሚል ስያሜ በአምስት የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ያካሄደው ሥራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2021 ታትሟል። የእጅና የቆዳ ንጽሕና፣ የመሣሪያዎች ማምከን፣ የጨርቆችና የካባዎች ሁኔታ፣ የአንቲባዮቲክ ሰዓት፣ የጎዝ ቆጠራና የደኅንነት መጠይቁ አፈጻጸም እንዲሻሻል ተደርጎ የቁስል ማመርቀዝ በ35 በመቶ ቀንሷል። የንድፉን ድክመት መጥቀስ ይገባል፤ ንጽጽሩ ከሥራው በፊትና በኋላ በነበሩ ሕሙማን መካከል እንጂ በዕጣ አይደለም፤ በመነሻው ጊዜ የተመዘገቡትም 374 ብቻ ናቸው። ሆኖም ይህ ሥራ ሕሙማኑን እስከ 30ኛው ቀን መከታተል በእኛው ሆስፒታሎች እንደሚቻል አሳይቷል። ጊዜ የለንም፣ ሕመምተኛው አድራሻው አይገኝም የሚለው ምክንያት ከዚህ በኋላ እንደ ቀድሞው ሊያሳምን አይችልም።

የሥራ ባልደረቦቼ ሁለት ነገር ሊሉኝ እንደሚችሉ አውቃለሁ። አንደኛው የመመረቂያ ጽሑፍ የሚጻፈው በጥቂት ወራት፣ ያለ በጀት፣ በተረኝነት መካከል ነው የሚለው ነው። እውነት ነው። ነገር ግን በእነዚያው ወራት 400 ካርድ ከመገልበጥ ይልቅ 80 ሰው እስከ 30ኛው ቀን በስልክ መከታተል፣ የአንቲባዮቲኩንና የመጀመሪያውን ቅደት ደቂቃ መጻፍ ይቻላል። ውጤቱ ሰፊ የመተማመኛ ወሰን ይኖረዋል፤ ግን ስለሚናገረው ነገር ይናገራል። ሁለተኛው ተቃውሞ መጽሔቶችና ፈታኞች የሚጠብቁት ያንኑ የታወቀ ሰንጠረዥ ነው የሚለው ነው። ይህም እውነት ነው፤ ስለዚህ ትችቱ በተማሪው ላይ ብቻ ሊወድቅ አይገባውም። ክትትሉ በመውጫ ቀን የቆመ የአንጀት ቀዶ ሕክምና ጥናት በርእሱ ላይ «በሆስፒታል ቆይታ ጊዜ የታየ» የሚል ቃል እንዲጨምር ያልጠየቀ አርታኢ የጉድለቱ ተካፋይ ነው።

የጎደለው መረጃ ግማሹ ደግሞ ቀድሞውኑ ተጽፎ ይገኛል። በጤና ጣቢያው የቁስል ማሸጊያ ክፍል መዝገብ ላይ የሕመምተኛው ስም፣ ቀኑና መግል መኖሩ ሰፍሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሥር ቤት ለቤት የሚዘዋወሩት ነርሶችም ቁስል አይተው መለየት የሚችሉ ናቸው። የመሸኛ ወረቀት ከሆስፒታል ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል። የመልስ ወረቀት የሚባለው ክፍል፣ ከግርጌው ተቆርጦ ወደ ቀዶ ሐኪሙ ሊመለስ የታሰበው፣ አብዛኛውን ጊዜ ሳይሞላና ሳይቆረጥ እዚያው ከወረቀቱ ጋር ተያይዞ ይቀራል።